ዳቦ የለበሰው ሥጋ

በደርግ ጊዜ ነው፤ ኮምቦልቻ አንድ ሆቴል ምግብ አብሳይ ነበርኩ። ደሴ ያለችውን ልጅ በሽምግልና እንዲጠይቁልኝ ሼህ ይማምንና መሪጌታ ታደሰን ቤቴ ምሳ ጠራሁ። ለሼሁ ከሙስሊም ልኳንዳ፣ ለመሪጌታ ከክርስቲያን ልኳንዳ ሥጋ ገዛሁ። ዘልዝዬ፣ እንቁላልና የዳቦ ፍርፋሪ አልብሼ፣ በየመጥበሻው ጠብሼ በሁለት ሳህን ጎን ለጎን አስቀመጥኩ። ከዚያ በወተትና በዱቄት የሚሠራውን ነጭ ስጎ ሳማስል ቆይቼ ዞር ስል፣ ሳህኖቹ መንታ ሆነውብኛል። የቱ የማን ነው? ባገላብጥ አንድ፣ ባሸት አንድ።

«ምነው ልጄ፣ ሽታውን ብቻ ነው እንዴ የጋበዝከን?» አሉ መሪጌታ ከሳሎን።

በእምነታቸው አልቀልድም። ሥጋውን ቁም ሳጥን ውስጥ ደበቅኩና፣ የተቀቀለ ድንች በጣት ልክ ቆርጬ፣ አዲስ እንቁላልና ፍርፋሪ አልብሼ በንጹሕ መጥበሻ ጠበስኩ። ስጎውን አፍስሼበት ለየብቻ አቀረብኩላቸው። ጉዴን ልናገር አፌን ስከፍት ሼህ ይማም ቀደሙኝ።

«አልሐምዱሊላህ! መሪጌታ፣ የኛን ልኳንዳ ሥጋ መብላት ቢችሉ ኖሮ ልስላሴውን ያዩት ነበር!»

መሪጌታ ጣታቸውን ላስ አደረጉ።

«ተዉ እንጂ ሼሁ! የኛን ቢቀምሱት ኖሮ የእርስዎን ‹ሥጋ ነው› አይሉትም ነበር።»