የአባዬ ባለጋሪ ሞተር

ልጅ እያለሁ እሑድ የሚጀምረው በሞተር ድምፅ ነበር። ጀርመን አገር፣ ፕሮይንገስሃይም የሚባል ሰፈር፣ ሦስተኛ ፎቅ ላይ ነበር የምንኖረው። አባዬ ታች ግቢ ውስጥ ሞተሯን ሲያስነሳት የወጥ ቤታችን መስኮት ይርገበገባል፤ ትንሽ ቆይቶ የቤንዚኑ ሽታ በደረጃው በኩል ይደርሰናል። ያኔ ጫማዬን በእጄ ይዤ በካልሲ ወደ ታች እሮጣለሁ። እማዬ ከኋላዬ "ሻርፕሽን! ጆሮሽን ሸፍኚ!" እያለች ትጮሃለች።

ያቺ ሞተር እስከ ቅርብ ጊዜ ድረስ ነበረች። አባዬ ባለፈው ዓመት በብርዱ ወራት ሲሞት፣ የምትቆምበት ጋራዥ ቁልፍ ስሜ በተጻፈበት ፖስታ ውስጥ ተገኘ። "ሃናን" ይላል፤ ሌላ ቃል የለበትም። ለወራት ቁልፉን መሳቢያ ውስጥ ወርውሬ ተውኩት። በኋላ ግን ጋራዡ ሊፈርስ ነውና በወሩ መጨረሻ ባዶውን አስረክቢ የሚል ኩንዲጉንግ፣ የልቀቂ ደብዳቤ፣ መጣልኝ። የሽያጭ ማስታወቂያ ባወጣሁ በማግስቱ አንድ አረጋዊ ጀርመናዊ ደወሉና ጋሪዋም አብራ እንዳለች ጠየቁኝ። አለች አልኳቸው። ቅዳሜ መጥተው ሊያዩዋት ቴርሚን፣ ቀጠሮ መሆኑ ነው፣ ያዝን። ስልኩን ከዘጋሁ በኋላ ግን ልሽጣት አልሽጣት ገና አለመወሰኔ ገባኝ።

አባዬ ወደቡ አካባቢ፣ ኦስትሃፈን፣ ካሉት መጋዘኖች በአንዱ ዕቃ ጫኝና አውራጅ ነበር። ሞተሯን የገዛት አርጅታ ነው። መጀመሪያ ብቻውን ነበር የሚነዳት። እኔ ዘጠኝ ዓመት ሲሞላኝ፣ ጋሼ ኢድሪስ ከሚባሉ ጎረቤታችን ጋር ሆኖ ይለውጣት ጀመር። ጋሼ ኢድሪስ አስመራ ተወልደው በአማርኛ የተማሩ፣ ብየዳ የሚያውቁ ሰው ነበሩ። ከሌላ ሞተር ላይ የተፈታች ባለአንድ ጎማ ጋሪ፣ ጀርመኖቹ ቤይቫገን የሚሏትን ዓይነት፣ ከየት እንደሆነ አላውቅም አመጡና ከቀኝ ጎኗ ጋር አያያዟት። መቀመጫውን ከተጣለ መኪና አወጡት። እግሬ ወለሉ ላይ አልደርስ ሲል ጋሼ ኢድሪስ መርገጫውን ፈትተው ከፍ አድርገው በየዱልኝ። ከዚያ አባዬ ሁሉንም ወፍራም አረንጓዴ ቀለም ቀባው፤ የብሩሹ ፀጉር ሳይቀር ቀለሙ ውስጥ ደርቆ ቀርቷል።

"ለልጄ ነው የሠራኋት" ይል ነበር ላየው ሁሉ። እኔም አመንኩት።

በዚህ ከተማ ያደጋችሁ የእኔ ዘመን ልጆች ይህ ምን ማለት እንደነበር ታውቃላችሁ። ወላጆቻችን ቤት የሚገቡትና የሚወጡት በሺሽት፣ በፈረቃ፣ ነበር። እማዬ ኢነንሽታት፣ መሃል ከተማ፣ ያሉ ሱቆች ሳይከፈቱ ልታጸዳ በጠዋት ትወጣለች፤ አባዬ እሷ ስትመለስ ይሄዳል። ቅዳሜ ቁርኣን ልንቀራ እንሄዳለን፤ በአዘቦት ቀን ደግሞ ከትምህርት ቤት እንደወጣን በየቢሮው ተጎትተን የአባትና የእናታችንን ጉዳይ እናስተረጉማለን። አባቱን ሙሉ ግማሽ ቀን ለብቻው ያገኘ ልጅ ከእኔ ሌላ አላውቅም ነበር። ሰፈራችን ውስጥ ገመድ የሚዘሉት ልጆች ጨዋታቸውን አቁመው ያዩኛል። እኔ ደግሞ የጭንቅላቴን እጥፍ የሚያክል ሄልሜት አጥልቄ፣ እንደ ሚኒስትር እጄን አውለበልብላቸዋለሁ።

ወደ ከተማው እንወርዳለን፤ ሱቆቹ ዝግ ናቸው፣ መንገዱ የእኛ ብቻ ነው። ከዚያ ወደብ። የረጠበ እህል፣ የናፍጣና የወንዝ ሽታ እዚያ ይቀላቀላል። አባዬ በንፋሱ ላይ እየጮኸ የሚሠራበትን መጋዘን በጣቱ ያሳየኛል፤ በየሳምንቱ አዲስ ነገር እንደሆነ ሁሉ በየሳምንቱ ያሳየኛል፤ እኔም በየሳምንቱ እደነቅለታለሁ። ድልድዩን ተሻግረን ጥቂት ከሄድን በኋላ አንድ ቢጫ ቤት ፊት ለፊት እንቆማለን።

እዚያ አክስት ሙና ትኖራለች። አክስቴ አይደለችም፤ እንደዚያ በያት ስላለኝ ነው። በሥራ ምክንያት ሌላ ከተማ ያለ የጓደኛው ሚስት ናት አለኝ። ገና ሁለት ዓመት ያልሞላው ሰሚር የሚባል ልጅ ነበራት። ፀጉሬን እየጎተተ ይስቃል፤ እኔ አጫውተዋለሁ። እነሱ ወጥ ቤት ውስጥ ቀስ ብለው ያወራሉ።

ከመጀመሪያዎቹ እሑዶች በአንዱ፣ ስንመለስ አባዬ ሞተሯን ወንዙ ዳር አቆመና ጋሪዋ አጠገብ ተንበረከከ። ሄልሜቴን አውልቆ ፊቴን አየኝ።

"ሃኒ፣ ትልቅ ልጅ ነሽ አይደል?"

"አዎ።"

"አክስት ሙና ወረቀት የላትም። እዚህ መኖሯ ከተሰማ ፖሊስ መጥቶ እሷንም ሰሚርንም ይወስዳቸዋል። ስለዚህ ለማንም አይነገርም።"

"ለእማዬም?"

"ለእማዬም። እማዬ ደግ ናት፤ ግን ሥራ ቦታ ስታወራ ያመልጣታል።"

ወላሂ በይ አለኝ፤ ወላሂ አልኩ።

ከዚያ ቀን በኋላ ሁለት ነፍስ በእጄ ላይ ነበር። ፖሊስ ሳይ መንገድ እሻገራለሁ። ትምህርት ቤት ስለ እሑድ ጻፉ ስንባል ወንዝና ዳክዬ ብቻ እጽፋለሁ። ቤት ስንገባ እማዬ "የት የት ሄዳችሁ?" ትለኛለች፤ ሁልጊዜ እኔን ነው የምትጠይቀው፤ እሱን አይደለም። "ማይን ወንዝ ዳር" እላታለሁ ዓይኗን እያየሁ። መጀመሪያ ጆሮዬ ይግል ነበር፤ በኋላ ለመድኩት። ማታ ስሰግድ ግን ለአክስት ሙና ወረቀት ስጣት ብዬ አላህን እለምናለሁ። የቀለም እርሳሶቼንም በሙሉ ለሰሚር ሰጥቼ፣ ለእማዬ ጠፉብኝ አልኳት። ተቆጥታኛለች። ቁጣዋን ስቀበል የሆነ ደስታ ይሰማኝ ነበር፤ ሰው እያዳንኩ ነዋ።

ሁለት ዓመት እንዲህ ሄደ። አሥራ አንድ ዓመቴ ላይ የዒድ ዕለት፣ ከተማ ውስጥ በተከራየነው አዳራሽ ተሰብስበን እየበላን ሳለ፣ አክስት ሙና ሰሚርን ይዛ በበሩ ገባች። እኔ የደነገጥኩት ሰው ያያታል ብዬ ነው። ልጁ ግን እጇን አስለቅቆ በጠረጴዛዎቹ መሃል ሮጠና የአባዬን እግር አቅፎ ያዘ።

"ፓፓ!" አለ በደንብ በሚሰማ ድምፅ።

አባዬ አላነሳውም፤ አልገፋውምም። ሳህኑን እንደያዘ ቆሞ ቀረ። እማዬ ሻርፗን አስተካክላ፣ እጄን ያዘችና ወጣን። በትራም ተሳፈርን። ቤት ገብተን በሩ እንደተዘጋ ትከሻዬን ጨምድዳ ያዘችኝ።

"ታውቂ ነበር?"

"ወረቀት የላትም ብሎኝ ነው እማዬ! ፖሊስ ይወስዳታል ብሎኝ ነው!"

እማዬ ሳቀች። እንዲያ ስትስቅ ያን ቀን ብቻ ነው የሰማኋት። "ወረቀት? ከኔና ካንቺ በፊት ነው የጀርመን ፓስፖርት ያወጣችው!" ከዚያ ለቀቀችኝ። "ሃይማኖቴ ሁለት ማግባት ይፈቅድልኛል ብሎ ፊቴ ቆሞ ቢናገር አንድ ነገር ነው። አንቺ ግን፣ ልጄ ነሽ ስል።"

"አንቺ ግን" የምትለዋን ቃል ሃያ ስምንት ዓመት ተሸክሜአታለሁ።

አባዬ በሳምንቱ ልብሱን ይዞ ወጣ። ለጥቂት እሑዶች ግቢያችን እየመጣ ሞተሯን ያስነሳ ነበር። እኔ መስኮቱን ዘግቼ አልጋዬ ላይ እቀመጣለሁ። ለእኔ የተሠራች ያልኳት ጋሪ መሸፈኛ ነበረች፤ ሰው ልጁን ሊያዝናና ወጣ እንዲል። ከዚያ መምጣቱን ተወ። ካደግሁ በኋላ በዒድና በልደት እንደዋወል ነበር፤ ስለ ጤናና ስለ አየር እናወራለን። ይቅርታ አልጠየቀኝም፤ እኔም አልጠየቅሁትም።

ማስታወቂያውን ከማውጣቴ በፊት ለሰሚር ደወልኩለት። ሠላሳ አንድ ዓመት ሆኖታል፤ ቀብር ላይ ተጨባብጠናል። ከፈለግሃት ውሰዳት አልኩት።

"እኔ አንድ ቀን ተቀምጬባት አላውቅም" አለኝ። "ሰው እንዳያየኝ። መስኮት ላይ ሆኜ እናንተ ስትሄዱ አያችሁ ነበር።" ከዚያም "አልፈልጋትም፣ ሃናን" አለ።

የገዢው ቴርሚን አንድ ቀን ሲቀረው እማዬ ጋ ሄድኩ። ዛሬም እዚያው ሦስተኛ ፎቅ ላይ ናት። የሳምንቱን መድኃኒት በየቀኑ ክፍል ውስጥ እየደረደረች ነበር።

"እማዬ፣ ሞተሯን ልሸጣት ነው መሰለኝ።"

"ሽጫት።"

"አንቺን ምንም አይመስልሽም?"

"ምን ይመስለኛል። እኔ ያቺን ሞተር ገና ጋሪ ሳይገጠምላት ጀምሮ ነው የጠላኋት።"

ጋሪ ሳይገጠምላት። ያኔ እኔ ቢጫውን ቤት አላየሁትም፤ እማዬም የምትጠላበት ምክንያት ሊኖራት አይገባም። "ምን አውቀሽ?" አልኳት።

እጇ መድኃኒቱ ላይ ቆመ። ያመለጣት ነገር እንደማይመለስ ስታውቅ፣ ቀና ብላ አየችኝ።

"አውቅ ነበራ። እሑድ እሑድ የት እንደሚሄድ ሰዎች ነግረውኛል። ጋሪ አሠራላትና ልጅቷን ይዘሃት ውጣ ያልኩት እኔ ነኝ። አንቺ አብረሽው ካለሽ ያፍራል ብዬ። ባያፍር እንኳ አንቺን ለማምጣት ይመለሳል ብዬ።"

"ታዲያ ያን ቀን 'ታውቂ ነበር' ብለሽ የጮህሽብኝ?"

"ሰው ሁሉ ፊት አዋረደኝ። ልጮህበት ብፈልግ እሱ የለም።" ድምፅዋ ቀጠነ። "አንቺ ነበርሽ ያለሽው፣ ልጄ።"

ብዙ ልላት ነበር። በየሳምንቱ "የት የት ሄዳችሁ" ስትለኝ መልሱን እያወቀች እንደነበር፣ ውሸቴን በልጅ አፌ ስታደምጥ እንደኖረች ልነግራት ነበር። እሷ ግን ወደ መድኃኒቷ ተመልሳ የማክሰኞውን ክፍል ሁለት ጊዜ ሞላችው። አንዷን ፍሬ በጣቴ አውጥቼ ረቡዕ ላይ አስቀመጥኩላት። ከዚያ ኮቴን ለብሼ ወጣሁ። ደረጃው ላይ ተቀምጬ አለቀስኩ፤ በአባዬ ቀብር ያላለቀስኩትን ጨምሬ።

ቅዳሜ ዘጠኝ ዓመት የሆናት ልጄ ሊና አብራኝ ጋራዥ መጣች። ገዢው የእጅ ባትሪያቸውን አብርተው ማርሚታውን፣ ጎማውን፣ የብየዳውን ጠባሳ ሁሉ መረመሩ። ጋሪዋን ፈትተው ሞተሯን ወደ ፋብሪካ መልኳ ሊመልሷት እንደሚፈልጉ እያፈሩ ነገሩኝ፤ ቅር ይለኝ እንደሆነ ጠየቁ። ቅር አይለኝም አልኳቸው። እውነቴን ነበር። እስከ ዋዜማው ድረስ ያመነታሁት ቢያንስ ያቺ መቀመጫ የኔ ነበረች ብዬ ነው። አሁን ግን የማን እንደነበረች አውቄአለሁ፤ አባቴና እናቴ እርስ በርስ የተያያዙባት ገመድ ነበረች፣ እኔ ደግሞ ቋጠሮው። ፈረምኩላቸው። በተጎታች ጭነው ወሰዷት።

"ማማ፣ ቫሩም?" አለች ሊና በጀርመንኛ። "የአያቴ አልነበረችም? ለምን ሸጥሻት?"

ልጅ ናት፣ ስታድግ ይደርሳል ማለት ይቻል ነበር። ባዶው ጋራዥ ደጃፍ ላይ ተቀምጠን ከመጀመሪያው እስከ መጨረሻው በአማርኛ ነገርኳት። አላቋረጠችኝም። ስጨርስ፣

"አንቺስ ለኦማ፣ ለእናትሽ፣ ዋሸሻት?" አለችኝ።

"ዋሸኋት።"

"ስንት ጊዜ?"

"እሑድ በመጣ ቁጥር።"

ክንዴን ይዛ ተነሳች። እኔ በእሷ ዕድሜ ዝም ማለት የምችል ልጅ ነበርኩ፤ በዚያም እኮራ ነበር፤ ትልልቆቹም ወደውልኝ ነበር። ሊና ግን ዝም ማለት አይሆንላትም። ክፍል ውስጥ የተባለውን፣ ጎረቤት የጠየቃትን፣ እኔ ስልክ ላይ ያማሁትን ሳይቀር ላገኘችው ሁሉ ትናገራለች፤ ስንት ጊዜ አሳፍራኛለች፣ ስንት ጊዜ ተቆጥቻታለሁ። ያን ቅዳሜ ከጋራዡ እስከ ቤታችን ድረስ፣ ግማሹን በጀርመንኛ ግማሹን በአማርኛ፣ ያለ ፋታ አወራች። አንድም ጊዜ በቃሽ አላልኳትም።