የታችኛው ማሳ

ልጅ ሳለሁ፣ በደርግ ጊዜ አባቴ የታሰረ ዓመት፣ እናቴ ከጎንደር ከተማ አውጥታ ኮሶዬ ገጠር አጎቷ ዘንድ አስቀመጠችኝ። አጎቷ አያ ታረቀኝ የመስኖውን ውሃ በተራ የሚያካፍሉ የውሃ አባት ነበሩ። ያኔ ግን ማካፈሉ ለገበሬ ማኅበሩ ተሰጥቶ፣ ለእሳቸው የተረፋቸው ድካሙ ብቻ ነበር።

ሲመሽ ከቦዩ ላይና ታች ያለን ልጆች ምድጃቸው ዳር እንሰበሰባለን። ጋዝ እንዳያልቅ ኩራዙ ዝቅ ይላል፤ የባሕር ዛፉ ጭስ ዓይናችንን ያቃጥለናል። አንድ ምንጭ አግኝተው፣ ሌላው ሳይቀድመኝ እያሉ ሲጋፉ ረግጠው ጭቃ ስላደረጉት ቀበሮዎች ቀስ ባለ ድምፅ ይተርቱልናል። ከዚያ አመዱን ደልድለው በጣታቸው ቦይ ያወጡና ለየራሳችን ማሳ ይሰጡናል። አንድ እፍኝ ገብስ ውሃችን ነው፤ የሚበቃንን እያስቀረን ወደ ታች እናሳልፋለን። የመጨረሻው ማሳ ደረቅ ከቀረ ሁላችንም ተሸነፍን ማለት ነው። ብዙ ጊዜ እንሸነፍ ነበር።

በዚያ በጋ ውሃው አነሰ። የላይኞቹ ቦዩን ደፈኑት፤ የታችኞቹም ዱላ እየቆረጡ ነው ተባለ። በዚያው ሰሞን አንድ ምሽት ከላይኛው ሰፈር የጓደኛዬ የሙሉ አባት አያ ደሴ ተቆጥተው መጡ። ልጃቸው ከታችኞቹ ልጆች ጋር እንድትቀመጥ አልፈለጉም።

አያ ታረቀኝ ቀና እንኳ አላሉም። «ሰው ጎድሎናል፤ ጨዋታው እስኪያልቅ የታችኛውን ማሳ ያዝልን» አሏቸው።

አያ ደሴ ትልቅ ሰውን እንቢ ማለት ከብዷቸው ነው መሰለኝ፣ ዱላቸውን ግድግዳው ላይ አስደግፈው ቁጢጥ አሉ። የላይኛው ማሳ የሙሉ ነበር፤ እሷም እንደ ልማዷ ብዙውን አስቀረች። ገብሱ ከእጅ ወደ እጅ እየሳሳ ወርዶ አባቷ ጋ ሳይደርስ አለቀ።

«ለእኔስ?» አሏት፣ መዳፋቸውን እንደዘረጉ።

«አልቋል፣ አባዬ።»

አያ ደሴ አመዱን ትንሽ አይተው ልጃቸውን ይዘው ሄዱ።

በማግሥቱ ቦዩ ተከፈተ፣ ግማሹ ብቻ። የታችኞቹ ድንች ከፊሉ ደረቀ፤ የተፈነከተ ሰው ግን አልነበረም። አያ ታረቀኝ ወሬው ሲደርሳቸው «ሸጋ» አሉና ጋቢያቸውን ተከናንበው ጋደም አሉ።

አባቴ ሲፈታ ወደ ከተማ ተመለስኩ። ከአያ ታረቀኝ ተረቶች አብዛኛውን ረስቻለሁ። ያኔ ቦዩ ሲከፈት እኛ ልጆቹ የውሃው ጠብ ያለቀለት መስሎን ነበር። እሳቸው ግን ያሻገሩን አንድ በጋ ብቻ እንደሆነ ያውቁ ኖሯል፤ ቦዩ በተከፈተ በቀጣዩ ምሽት ወገባቸውን ይዘው እንደገና አመዱን ሲደለድሉ አገኘናቸው።