ቤቱን ያጸዳን ዕለት

አሥራ ሁለት ዓመቴ ነበር። ይኸው ዛሬም እርጥብ ኖራ ሲሸተኝ ባለሁበት እቆማለሁ። ባለፈው ሳምንት ከኛ ብሎክ ሥር ያለችውን የጥበቃ ቤት ኖራ ይቀቧት ኖሯል፤ ደረጃውን ስወርድ ያ ጉሮሮ የሚይዝ ጥሬ ሽታ ተቀበለኝና ዘንቢሌን አስቀምጬ ግድግዳ ተደግፌ ቆምኩ። ጠባቂው "ምነው እናቴ፣ አመመዎት እንዴ?" አለኝ። አላመመኝም። ልደታ፣ አባባ ቤት፣ ከአልጋው ኋላ ተንበርክኬ ብሩሽ ይዤ ነበር።

አባባ የምለው አያቴን ነው፣ የእናቴን አባት። አባቴና እናቴ ወሊሶ ላይ ሲለያዩ እናቴ እኔን የአራት ዓመት ልጅ አዝላ ወደተወለደችበት ቤት ተመለሰች። ከልደታ ማርያም ወረድ ብሎ ያለ የቀበሌ ቤት ነበር፤ የጭቃ ግድግዳ፣ የቆርቆሮ ክዳን፣ አንድ ክፍልና ጓዳ። ኮርኒሱ አቡጀዲ ነው፤ ክረምት ሲገባ እዚህም እዚያም ይረግብና እንደ ላም ጡት ይንጠለጠላል። የኪራይ ውሉ በአባባ ስም ነበር። እናቴን ማህደሩ ላይ አስመዘግብሻለሁ፣ ነገ እንሄዳለን እያለ ስምንት ዓመት አለፈ። ደህና ሰው ነበር፣ ግን ለቀበሌ ጉዳይ እግሩ አይነሳም። ሳያስመዘግባት ሞተ።

አርባው እንደወጣ እናቴ ነጠላዋን ለብሳ ቀበሌ ሄደች። ቤቱ ከሟች ጋር ይኖር ለነበረ ልጅ ይተላለፋል ብለው ነገሯት። ተመስገን ብላ ሳትጨርስ ሌላም ማመልከቻ ገብቷል አሏት። የአጎቴ ነበር፣ የታላቅ ወንድሟ።

አጎቴ ክፉ ሰው እንዳይመስላችሁ። ጋራዥ ነበር የሚሠራው፤ ጌጃ ሰፈር አንድ ክፍል ተከራይቶ ሚስቱንና ሦስት ልጆቹን ይዞ ይኖራል። አከራዩ የልጅ ጫጫታ አይወድም፤ በተቆጣ ቁጥር ውጡልኝ ይላቸዋል። እናቴ ለምን እንዳመለከተ ስትጠይቀው ድምፁን እንኳ አላነሳም። "የኔም እትብት እዚሁ ነው የተቀበረው" አላት። እውነቱን ነበር።

ቀበሌዎቹም ቤቱን መጥተን እናያለን፣ ማን ይኖርበት እንደነበር እናጣራለን ብለው ሐሙስ ከሰዓት በኋላ ቀጠሩ። እናቴ በየጎረቤቱ እየዞረች ምስክር ለመነች። ሁሉም ያውቃል። እኔን በጀርባዋ አዝላ ስትገባ ያየ ሁሉ አለ። ግን በወንድምና በእህት መሐል ገብተን ነገ በምን ዓይናችን እናያችኋለን አሉ። እምቢ ማለቱ ከብዷቸው ነው መሰለኝ፣ በምትኩ ዕቃ ያበድሩን ጀመር። የጎን ጎረቤታችን፣ ጥልፍ ልብስ ያለውን ሶፋቸውን ከነልብሱ አሸክመው ላኩልን። ከፊት ለፊት መጋረጃ መጣ። ከላይኛው ግቢ ወርቃማ ከንፈር ያላቸው ስድስት ብርጭቆዎች መጡ። ቃላቸውን የነፈጉን ሰዎች ሌላውን ሁሉ ሰጡን።

እናቴ እንዲህ ነበር ያሰበችው፦ ሰዎቹ ሲመጡ ደህና ቤት ካዩ ደህና ሰው እንደሚኖርበት ያውቃሉ። የተዝረከረከ ካዩ ግን ዕድሉ አለቀ። ስለዚህ ከሰኞ ጀምሮ ቤቱን እንደ ሬሳ አጠብነው። የአባባ ባርኔጣ የሚሰቀልበት ምስማር ተነቀለ። ጋዜጣ የተለጠፈበት የጓዳ ግድግዳ ተላጠ። ከንፈሩ የተሸረፈ ስኒ፣ እግሩን በገመድ ያሰርነው በርጩማ፣ ክረምት ክረምት ለሚንጠባጠበው የምንደግናቸው ሳፋ፣ ድስትና ጣሳዎች፣ ሁሉም ጓዳ ገብተው በአንሶላ ተሸፈኑ። ረቡዕ ጠዋት ኖራ ተበጠበጠ። እናቴ መጋረጃ መስቀያ ልትለምን ስትወጣ "እስከ አልጋው ድረስ ቀቢ፣ አልጋውን ግን እንዳትነኪ" አለችኝ።

ያን ጊዜ ለምን እንዳለችኝ አልጠየቅኳትም። ከባድ ነው፣ ወገቧን ትጎዳለች ብላ ነው ብዬ አሰብኩ። ላስደስታት ፈለግሁ። የአባባን የብረት አልጋ በጀርባዬ ገፍቼ አወጣሁትና ከኋላው ገባሁ።

አባባ ደብተር አልነበረውም። ደብተሩ ያ ግድግዳ ነበር፤ ጋደም እንዳለ በእርሳስ ይጽፍበታል። ውሃ የጠፋበት ቀን፣ ቆጣሪ አንባቢ የመጣበት ቀን፣ ድመቷ የወለደችበት። ከፍ ብሎ "ወንዱ ልጄ ጎጆ ወጣ" ይላል፣ ከነቀኑ። ከሥሩ "ልጄ ከነልጇ ገባች፣ ዝናብ ነበር" ይላል፣ እሱም ከነቀኑ። ኖራ ደግሞ እርጥብ ሲሆን ምንም አይሸፍንም፤ እንደ ሻሽ ነው፣ ውስጡ ይታያል። እኔም እያነበብኩ ቀባሁት። አንዴ ቀባሁ፣ ጽሑፉ አለ። ደገምኩ፣ አሁንም አለ። አይጠፋም ማለት ነው ብዬ ደስ ብሎኝ ወጥቼ እጄን ታጠብኩ። ስመለስ ኖራው መድረቅ ጀምሮ ነበር። ድመቷ ጠፍታለች። ቆጣሪ አንባቢው ጠፍቷል። ዓይኔ እያየ ፊደሎቹ አንድ በአንድ እየነጡ ወደ ውስጥ ገቡ። በጣቴ ፈተግሁት፤ እርሳሱና ኖራው ተደባልቆ ግራጫ ጭቃ ሆነ። በላዩ ሌላ ኖራ ደረብኩበትና አልጋውን ወደ ቦታው መለስኩት።

ማታ እራት ስንበላ እናቴ ለመጀመሪያ ጊዜ ፊቷ ተፈታ። ቀስ ብላ፣ ጎረቤት እንዳይሰማ ብላ ነው መሰለኝ፣ ምስክር አለሽ ወይ ቢሉኝ አልጋውን ሳብ ነው የማደርገው አለችኝ። አባባ በገዛ እጁ ጽፎታል፣ ከሱ የበለጠ ማን ይመስክርልኝ አለች። ንገሪያት፣ ንገሪያት ይለኛል ሆዴ። አፌ ግን እምቢ አለ። ምናልባት አይጠይቋትም ይሆናል ብዬ ነው። ልጅ እንዲህ ነው፤ ጎርፉ እየመጣ እያየ ምናልባት ይመለስ ይሆናል ይላል።

ሐሙስ ሰማዩ ከጠዋት ጀምሮ እንደከበደ ዋለ። ሁለት ሆነው መጡ፤ ክላሰር የያዘች ጠና ያለች ሴትዮና ሜትር የያዘ ወጣት። አጎቴ ከኋላቸው አለ፤ የጋራዥ ልብሱን አጥቦ፣ በደንብ ሳይደርቅ ለብሶት። እናቴን ሳማት። እኔንም ሳመኝ። ከዚያ በሩ ሥር ቆመ።

ሴትዮዋ ሶፋው ላይ ተቀመጠች። ጥልፉን በጣቷ ዳሰስ አደረገችና "ከጎን ቤት በርጩማ ላይ ተቀምጠን ነው የመጣነው" አለች። "ሶፋቸው እዚህ ኖሯል።" ወጣቱ ሳቁን ሊውጥ ሜትሩ ላይ አቀረቀረ። እናቴ ውሃ ላምጣላችሁ ብላ ተነሳች፤ ብርጭቆዎቹን የት እንዳስቀመጥናቸው ሁለታችንም ጠፋብን። ሦስት ቦታ ፈልገን አጣን። ሴትዮዋ ዓይኗን በነጩ ግድግዳ፣ በአዲሱ መጋረጃ ላይ አዞረችና የሆነ ነገር ጻፈች። ከዚያ፣ በክፋት ሳይሆን እንደ ሥራዋ፣ "ለመሆኑ እዚህ ቤት ሰው ይኖርበታል?" አለች።

እናቴ ስምንት ዓመት ሙሉ አለች። አባቷን ያስታመመችው፣ ያጠበችው፣ ዓይኑን የከደነችው እሷ እንደሆነች ተናገረች። ሴትዮዋ ወደ አጎቴ ዞራ እርስዎስ ምን ይላሉ አለችው። አጎቴ መሬት መሬት እያየ መለሰ።

"ስትመጣ ስትሄድ አይቻለሁ" አለ።

እናቴ ቀና ብላ አየችው። እሱ ግን ቀና አላለም። ውሸት አልነበረም፤ መጥታለች፣ ሄዳለች፣ ገበያም ቤተ ክርስቲያንም። ግን እውነትም አልነበረም፤ ይህን ሁላችንም እናውቃለን፣ ከሁላችን ይበልጥ ደግሞ እሱ ያውቃል። እናቴ ወደ አልጋው ሄደች። "አባቴ የገባሁበትን ቀን በእጁ ጽፎታል፤ ይዩልኝ" ብላ የአልጋውን ራስጌ ያዘች።

አልጋው ተንጎደጎደ፣ ወጣ። ግድግዳው ነጭ ነው። እናቴ እጇን ዘርግታ ዳሰሰችው፣ ከላይ እስከ ታች፣ እንደ ዓይነ ስውር። ከዚያ ዞራ እኔን አየችኝ። አልተቆጣችም። ብትቆጣኝ ይሻለኝ ነበር።

ሴትዮዋ ክላሰሯን ከደነች። ወጣቱ ሜትሩን ጠቀለለ። ለመነሳት ሲዘጋጁ ነው ዝናቡ የተሰማው።

የዚያን ጊዜው ልደታ ሁሉም ቤት ቆርቆሮ ነው። ዝናብ ሲመጣ ከሩቅ ይሰማል፤ ከመርካቶ በኩል ከቤት ቤት እየዘለለ፣ እንደሚሮጥ መንጋ፣ ደረሰ ደረሰ ይላል። እዚህ አሁን የምኖርበት ሦስተኛ ፎቅ ላይ ይህ ድምፅ የለም፤ ዝናብ መዝነቡን የማውቀው መስኮት ስከፍት ነው። ያን ዕለት ግን እኔና እናቴ እኩል ተንቀሳቀስን። ያጠፋሁትንም፣ እንግዶቹንም ረሳኋቸው። ጓዳ ገብተን አንሶላውን ገፈን ሳፋውን፣ ድስቱን፣ ጣሳዎቹን ታቅፈን ወጣን። እናቴ ሴትዮዋን "እትዬ፣ ትንሽ ይነሱልኝ" ብላ ሶፋውን አንድ ክንድ ያህል ገፋችው፤ በቦታው ድስት አኖረች። እኔ አንዱን ጣሳ መስኮቱ ደፍ ላይ፣ ሌላውን አልጋው ግርጌ፣ ከእግሩ አንድ ስንዝር ወደ ውስጥ። ሳፋው መሐል ቤት። ገና አንድ ጠብታ አልወረደም።

አጎቴም ከበሩ ሥር ተንቀሳቀሰ። ከጓዳ የቀረውን የእጅ መታጠቢያ ሳህን አንስቶ፣ በሩ ጥግ፣ ቁምሳጥኑ አጠገብ አስቀመጠና እንደኛው ወደ ኮርኒሱ አንጋጦ ቆመ።

ዝናቡ ደረሰ። ጣራው ላይ ሲወርድ ጆሮ ይደፍናል። ትንሽ ቆይቶ ጣ አለ፣ ድስቱ። ከዚያ መስኮቱ ላይ ያለው ጣሳ። ከዚያ የአልጋው ግርጌ፣ ከዚያ ሳፋው። አንድም ጠብታ መሬት አልነካም። ሴትዮዋ ቆማ ከአንዱ ወደ አንዱ ታያለች። በመጨረሻ ዓይኗ በሩ ጥግ ያለው ሳህን ላይ አረፈ። ሳህኑ ደረቅ ነው። ጠበቅን። አጎቴም ጠበቀ። ዝናቡ በረታ፤ ሳህኑ ግን ደረቅ ነው።

"እሱን አባባ ቆርቆሮውን አስለውጦታል፣ ወንድም ጋሼ" አለች እናቴ። ቀስ ብላ ነው፣ ሰው የታመመ ሰው ፊት እንደሚያወራ። "እኔ በመጣሁ በዓመቱ።"

አጎቴ ኮርኒሱን እያየ "እዚህ ጋ ነበር፣ ከራስጌዬ" አለ። "አላወቅሁም።"

ሴትዮዋ ክላሰሯን እንደገና ከፈተች። ብዙ ጻፈች። ዝናቡ እስኪያባራ ከኛ ጋር ቆየች፤ ውሃም በተሸረፈው ስኒ ጠጣች።

እነሱ ከሄዱ በኋላ እናቴ አልጋው ላይ ተቀምጣ ወደ ነጩ ግድግዳ ዞረች። አጠገቧ ሄጄ ጥፋቴን ነገርኳት፣ ሁሉንም፣ ፊደሎቹ እንዴት እንደጠፉ ሳይቀር። ምን ምን ተጽፎ እንደነበር ደግመሽ ንገሪኝ አለችኝ። የማስታውሰውን ነገርኳት። ስለ ድመቷ ስነግራት ሳቀች፤ ከዚያ ነጠላዋን ፊቷ ላይ አደረገች። አባባ ሌላ የጻፈው ነገር አልነበረውም። የእጅ ጽሑፉን ዳግመኛ አላየነውም።

ውሉ መስከረም ላይ በእናቴ ስም ዞረ። እናቴ እልል አላለችም፤ ወረቀቱን አጥፋ ብብቷ ውስጥ ከተተችው። በዚያው ሳምንት እሑድ አጎቴ ሙዝ ይዞ መጣ። እንደ ወትሮው በራሱ ቁልፍ ከፍቶ ነው የገባው፤ ጎጆ ሲወጣም ቁልፉን አልመለሰም ነበር፣ ማንም መልስ ብሎት አያውቅም። ምሳ በላን። ስለ ልጆቹ ትምህርት ተወራ፣ ስለ ጋራዡ ተወራ፣ ስለ ቤቱ ማንም ትንፍሽ አላለም። ሊሄድ ሲል ቁልፉን ከማያዣው ፈልቅቆ ጠረጴዛው ላይ አኖረው። እናቴ ምን ማለትህ ነው፣ ቤትህ አይደለም እንዴ አለችው። ኪሴ ተቀዶ ነው፣ ይጠፋብኛል አላት። ጫማውን ሲያስር ብዙ ቆየ። እናቴ ቁልፉን ይዛ እስከ ታክሲ መያዣው ተከተለችው፤ ይዛው ተመለሰች።

ከሦስት ሳምንት በኋላ እንደገና መጣ። እርምጃውን ከግቢው በር ጀምሮ አውቀነዋል። እናቴ ቀና ብላ በሩ እስኪከፈት ጠበቀች። እሱ ውጭ ቆሞ አንኳኳና "ቤቶች" አለ።