አልቀበልም ያለችው ፍላሽ

ሰኞ፣ ጥር 8 ቀን 2015 ዓ.ም.፣ ከቀኑ ስምንት ሰዓት ተኩል። በማስተምርበት የመንዝ ሁለተኛ ደረጃ ትምህርት ቤት፣ የንብረት ክፍሉን መሳቢያዎች እየከፈትሁ አንዲት ፍላሽ እፈልግ ነበር። ፍለጋው በዚያች ሰዓት ያልተለመደ ነገር አልነበረውም። ያስጨነቀኝ ፍላሿ ከተቀመጠችበት ቦታ አለመኖሯ ነው።

ከባልደረቦቻችን አንዱ፣ የታሪክ መምህሩ፣ ዐይነ ስውር ናቸው። በላፕቶፓቸው ላይ የተጫነ አንድ ፕሮግራም የተጻፈውን በአማርኛ ድምፅ ያነብላቸዋል፤ የሚጽፉትንም ፊደል በፊደል ይነግራቸዋል። ባለፈው ሐሙስ በፍላሽ የሚዛመት ቫይረስ ገብቶ ላፕቶፑን አበላሸው። የኮምፒውተር ትምህርት የማስተምረው እኔ ስለሆንሁ ጠገንሁት፤ ፕሮግራሙ ግን ጠፋ፣ መሣሪያውም ድዳ ሆነ። መልሶ የሚጫነው ከዚያችው ፍላሽ ብቻ ነው። ፈቃዱ ከእሷ ጋር የተሳሰረ በመሆኑ ከኢንተርኔት ማውረድ አይቻልም።

የመንፈቀ ዓመቱ ፈተና ቀርቧል። ርዕሰ መምህሩ ያን ዕለት ጠዋት፣ የታሪክ ጥያቄዎቹ እስከ ማግስቱ ጠዋት ካልቀረቡ ክፍሎቹን ለሌላ መምህር እንደሚሰጡ አስታውቀው ነበር።

«እርስዎም ለጊዜው ቤተ መጻሕፍቱን ይዩልን» አሏቸው የታሪክ መምህሩን። በእኛ ዘንድ ለጊዜው የተባለ ምደባ እስከ ጡረታ እንደሚዘልቅ ሁላችንም እናውቃለን።

«እርስዎ እየተናገሩ ሌላ ሰው ቢጽፍልዎስ?» ብዬ ጠይቄያቸው ነበር።

«አምና እንዲያ አድርጌ ፈተናው ከእኔ ቀድሞ ተማሪዎቹ ዘንድ ደረሰ። ዘንድሮ ከጣቶቼ በቀር የማምነው የለም።»

የንብረት ክፍል ኃላፊዋ የምፈልገውን ስነግራት እጇን አራገበች። «እሷማ ተበላሽታለች ተብላ ወጣች።»

«ማን አለ?»

«አስወጋጁ ኮሚቴ ነዋ! ዲያቆኑ የሥነ ዜጋ መምህራችን ፍላሾቹን አንድ በአንድ እየሰካ ሞከራቸው። መዝሙር ይልክበታል፤ ከተቀበለ ደህና ነው፣ ካልተቀበለ ወደ ጆንያው።»

«ያቺ ፍላሽ እኮ የተሠራችው እንዳትቀበል ነው።»

«እንዳትቀበል ከተሠራች ምን ልትሠራ መጣች ታዲያ?» ብላ ሳቀች።

ጥያቄዋ ስላቅ ቢመስልም የአገሩን አሠራር በትክክል የሚገልጽ ነበር። ከተራ ሊደርስ ሁለት ቀን ቀርቶታል፤ የአጥቢያው ወጣቶች ታቦቱን አጅቦ ለሚሄደው ድምፅ ማጉያ መዝሙር የሚጭኑበት ፍላሽ ከያለበት ይሰበስባሉ። እዚህ የፍላሽ ጤንነት የሚታወቀው መዝሙር በመቀበሉ ነው። የዚያች ፍላሽ ጎን ላይ ግን ትንሽ መቆለፊያ አለ፤ ሲዘጋ ይነበብባታል እንጂ አይጻፍባትም። ቫይረስ እንዳይገባባት የሚጠብቃትም እርሱ ነው። አልቀበልም ማለቷ ደኅንነቷ ነበር፤ ኮሚቴው ሞቷ አድርጎ ቆጠረው።

ጆንያው ከግቢው ጀርባ ጉድጓድ አፋፍ ላይ ነበር፤ በዓሉ ሳይገባ ሊቃጠል። ጭሱ ማዶ ወዳለው የገብስ ማሳ እንደሚሄድ፣ የባትሪና የፕላስቲክ ጭስም እንደ ጭራሮ ጭስ እንዳልሆነ በስብሰባ ላይ ተናግሬ ነበር። «ታዲያ የት ይጣል?» ብለው እንዲቃጠል ወሰኑ።

ነገሩን የሰሙት የታሪክ መምህሩ በትራቸውን እየመቱ ተከተሉኝ። ዘበኛው ነጭ ጋዝ የያዘውን ጀሪካን ከእግራቸው ሥር አስቀምጠው ቆመዋል።

«ቶሎ በሉ ልጆቼ። ነፋሱ ሳይዞር ላቀጣጥል» አሉ።

ጆንያውን ዘረገፍሁት። የተሰበሩ ኪቦርዶች፣ ያበጡ ባትሪዎች፣ እርስ በርሱ የተተበተበ ገመድ፣ የተፈነቀሉ የኮምፒውተር ሰሌዳዎች ወጡ። የታሪክ መምህሩ ተንበረከኩ።

«እኔ ልፈልግ። የእኔዋን ጎኗ ላይ ባለችው የመቆለፊያ ጥርስ ለይቼ አውቃታለሁ።»

እያንዳንዷን ፍላሽ በአውራ ጣታቸው እየዳበሱ ወደ ጎን አኖሩ። የሰሌዳ ስለት ጣታቸውን ቆረጣቸው፤ ጠረግ አድርገው ቀጠሉ። ሁሉም አለቀ፤ የሳቸው የለችም።

ዘበኛው ጉሮሯቸውን ጠረጉ። «ዲያቆኑ ቀደም ሲል መጥቶ ጥቂቱን ዘግኖ ሄዷል፤ ደግሜ ልሞክራቸው ብሎ።»

እስክንመለስ ክብሪት እንዳይጭሩ ለመንኋቸው። በትምህርት ቤቱ ግቢ ውስጥ ሮጬ አላውቅም ነበር፤ ያን ዕለት ሮጥሁ።

ዲያቆኑ፣ በማዕርግም በሥራም የምናከብረው ወጣት የሥነ ዜጋ መምህር፣ በኮምፒውተር ክፍሉ ውስጥ ጀርባውን ለበሩ ሰጥቶ ተቀምጧል። የተቀመጠበት ኮምፒውተር ቫይረሱ ያለበት፣ «አትንኩ» ብዬ የለጠፍሁበት ነው። ወረቀቱን አንሥቶ በሥርዓት አጥፎ ከጎኑ አኑሮታል።

«እጅህን አንሣ!» አልሁ። ድምፄ ለራሴም እንግዳ ሆነብኝ።

«በስመ አብ! ምን ሆኑ መምህርት? እያዳንኋት ነው እኮ። ለካ ቁልፍ አላት! ገፋ አደረግኋት። አሁን ፎርማት ላድርጋት ወይ ብሎ ይጠይቀኛል፤ እሺ ልበለው?»

ጣቱ ማውሱ ላይ ነበር። እሺ ቢል በፍላሿ ያለው ሁሉ ይጠፋል። አንጓውን ይዤ እጁን አነሣሁ፤ ፍላሿንም ነቀልሁ። የታሪክ መምህሩ ግድግዳውን እየዳሰሱ በሩ ላይ ደረሱ።

«አገኛችኋት?»

«አግኝተናል፤ ግን ተከፍታ ነበር» አልሁ።

«ነገሩ አላማረኝም» አሉ።

መቆለፊያውን መልሼ ዘጋሁና በንጹሕ ኮምፒውተር ላይ ከፈትኋት። የመጫኛው ፋይል ከነስሙ አለ። በአጠገቡ ግን የማላውቃቸው ባዕዳን ፋይሎች ተቀምጠዋል፤ በዚያች አፍታ ቫይረሱ የጣላቸው ናቸው። ላጠፋቸው ብል መቆለፊያውን ዳግመኛ መክፈት አለብኝ። መጫኛው ራሱ ተነክቶ እንደሆነ የማውቅበት መንገድ አልነበረኝም። ባዕዳኑን ሳልነካ፣ ፍላሿን እንደተቆለፈች፣ መጫኛውን ብቻ በላፕቶፓቸው ላይ ላስነሣ ወሰንሁ።

የላፕቶፑ ባትሪ ከሞተ ቆይቷል፤ የሚሠራው በመብራት ብቻ ነው፤ መብራቱም ከቀትር ጀምሮ ብልጭ ድርግም ይላል። አረንጓዴው መስመር ግማሽ ደርሶ ቆመ። ዲያቆኑ ከንፈሩን ያንቀሳቅሳል።

«ጸሎቱን ጮክ አድርገው እንጂ፣ ዲያቆን፤ ስክሪኑን እንደሆነ አላየውም» አሉ የታሪክ መምህሩ።

«ይቅር ይበሉኝ፣ የኔታ።»

«መጀመሪያ ይናገር። ይቅርታህን ከዚያ በኋላ እሰማለሁ።»

አምፖሉ ደበዘዘ። መልሶም በራ። መስመሩ ተንቀሳቀሰና ሞላ፤ ከዚያም ያ ደረቅ፣ ስሜት የሌለው ድምፅ «መጫኑ ተጠናቋል» አለ። የታሪክ መምህሩ ወደ ወንበሩ ተመርተው ተቀመጡ፤ በተቆረጠው ጣታቸው አንድ ቁልፍ ነኩ።

«ጥ» አለ ላፕቶፑ።

ፊታቸውን ለአፍታ ዝቅ አደረጉ። ቀና ሲሉ ግን የታወቁት መምህር ነበሩ። «ምን ትጠብቃላችሁ? ፈተና እየተጻፈ ነው፤ ውጡልኝ እንጂ!»

ወጣን። ፀሐይ ስትጠልቅ መብራቱ ጠፋ፤ አልተመለሰምም። የታሪክ መምህሩ በሩን ከፍተው ብቅ አሉ። ከፈተናው ገና እኩሌታውን ጽፈው አስቀምጠዋል፤ የቀረው በጭንቅላታቸው ነው።

በማግስቱ ጠዋት በርዕሰ መምህሩ ቢሮ ተሰበሰብን። ማታ የጣለው ውርጭ በመስኮቱ ላይ ገና አልቀለጠም።

«ስለዚህ ፈተናው አልቀረበም» አሉ ርዕሰ መምህሩ።

«አልቀረበም» አሉ የታሪክ መምህሩ።

ዲያቆኑ ማንም ሳይጠይቀው ተነሣና የሆነውን ሁሉ፣ የለጠፍሁትን ወረቀት ማንሣቱን ጭምር፣ ተናገረ። እኔም ፕሮግራሙ እንደሚሠራ፣ የጎደለው መብራት ብቻ መሆኑን አስረዳሁ።

የተወሰነው ይህ ነው፤ የታሪክ ፈተና ወደ ፈተናው ሳምንት መጨረሻ እንዲዛወር፤ ክፍሎቹ በመምህራቸው እጅ እንዲቆዩ፤ ፍላሿም ከንብረት ክፍል ወጥታ በታሪክ መምህሩ ኪስ እንድትቀመጥ። ከጆንያው የወጡትን ፍላሾች እኔ እያንዳንዳቸውን እስካነብባቸው ድረስ ጉድጓዱ አይለኮስም። ከዚያ በኋላ የሚቀረው የት እንደሚጣል ተጠየቀ፤ የሚያውቅ አልነበረም፤ ጆንያው ወደ ንብረት ክፍሉ እንዲመለስ ተወሰነ።