የነጩ ድብ ሥራ

አሜሪካ መጥቼ ልጄ ቤት ከገባሁ ጀምሮ ሥራዬ መቀመጥ ነው። ፒከሪንግተን የሚባል ጸጥ ያለ ሰፈር፣ ሰፊ ሳሎን፣ ሰው የሚውጥ ሶፋ። ተነስቼ አንዲት ብርጭቆ ልጠብ ካልኩ ቤቱ በአንድ እግሩ ይቆማል። "እማዬ፣ በናትሽ ቁጭ በይ!" ይላል ልጄ። ምራቴማ ትብሳለች። ኤርፖርት ስትለፋ ውላ፣ ደክሟት ገብታ እንኳ ከእጄ ትቀማኛለች። "ኧረ በሞቴ ይተውት! እኔ እያለሁ?"

እኔ ደግሞ ዕድሜዬን ሙሉ የሆስፒታል አንሶላ ሳጥብና ስተኩስ የኖርኩ ሰው ነኝ። ልብስ ማድረቂያው ጮኾ ሲቆም፣ ያ ትኩስ ልብስ ሶፋው ላይ ሲቆለል፣ እጄን ይበላኛል። አንድ ቀን ማንም ሳያየኝ ሁሉንም አጣጠፍኩት፤ የልጅ ልጄን ካልሲ ሳይቀር አገጣጠምኩ። ምራቴ እሰይ ትለኛለች ብዬ ስጠብቅ ዓይኗ እንባ ሞላ። "ሰው ምን ይለናል?" አለች። በዚያ ሰሞን ክርስትና ቤት አንዲትን ሴት ሲያሟት ሰምታለች አሉ፤ "እናቷን ያመጣቻት ሞግዚትና ገረድ ፈልጋ ነው" እያሉ። የእኛ ሰው አፉ መቼ ያርፋል! ከዚያ ወዲህ ልብሱ ከእኔ ተደብቆ መኝታ ቤት ይታጠፍ ጀመር።

ሥራ ያጣ መነኩሴ ቆቡን ቀዶ ይሰፋል ይባላል፤ ለእኔ የምቀደው ቆብ እንኳ አልተዉልኝም። ከሳሎን እስከ ጋራዡ በር፣ ከጋራዡ በር እስከ ሳሎን ስመላለስ እውላለሁ። "ጎበዝ እማዬ፣ ዎክ ማድረጉ ለጉልበትሽ ጥሩ ነው" ይለኛል ልጄ። ኤዲያ! የጎደለሽ ነገር አለ ወይ ሲለኝ ደግሞ ምን እላለሁ? "ምንም አልጎደለኝም፣ ተመስገን" እላለሁ። የእኛ ነገር እንዲህ ነው፤ የጎደለንን ሰው ራሱ አውቆ ካልደረሰልን እኛ በአፋችን አንጠይቅም።

አንድ እሑድ ልጄ ኦፍ ሆነና ዙ እንሂድ አለ፤ አውሬ የሚታይበት ግቢ ማለቱ ነው። ምራቴ ሥራ ስለነበረች እኔና እሱ፣ የልጅ ልጄም ሆነን ሄድን። እኔ የአውሬ ግቢ ሲባል የማውቀው የብረት ፍርግርግ፣ የሲሚንቶ ወለልና ጥግ ላይ የተጣለ አጥንት ነው። የበረዶ አገሩ ነጭ ድብ ጋ ስንደርስ ግን አፌን ይዤ ቀረሁ። ቋጥኝ አለ፣ ሣር አለ፣ የሚፈስ ውሃ አለ፣ ኩሬ የሚያህል ገንዳ አለ። ከገንዳው ሥር ደግሞ መስታወት ያለበት ዋሻ ሠርተዋል፤ እዚያ ቆመን ቀና ስንል ዓሣው ከራሳችን በላይ ይዋኛል። "ወይ ጉድ! ይሄ ድብ ከስንቱ ሰው ይሻላል" አልኩ። ልጄ ደስ አለው፤ እሱ ያስገነባው ይመስል እያዞረ አሳየኝ።

ድቡ ግን ገንዳውንም ሣሩንም ትቶ አንድ ግንብ ሥር ይመላለስ ነበር። እስከ ግንቡ ጫፍ ይሄዳል፣ ራሱን ወዝወዝ አድርጎ ይዞራል፣ የመጣበትን መልሶ ይረግጣል። በሄደበት ሣሩ አልቆ አፈሩ ወጥቷል። ሰው ይስቃል፣ ፎቶ ያነሳል። እኔ ሳቄ ጠፋ፤ አካሄዱን አውቀዋለሁ።

ድቦቹን የምትንከባከብ አንዲት ወጣት ማይክ ይዛ ታስረዳለች፤ ልጄ ይተረጉምልኛል። "በፊት ቦታው ጠባብ ነበር፣ አስፍተንለት ይበቃዋል ብለን ነበር ትላለች። አልበቃውም። ምግቡን ዝም ብለው ካቀረቡለት በልቶ ሲመላለስ ይውላል። ስለዚህ ዓሣውን በረዶ ውስጥ ያደርጉበታል፣ ድንጋይ ሥር ይደብቁበታል፤ ቆፍሮ፣ ሰብሮ እንዲበላ። እንስሳ ሥራ ከሌለው..." አለና ድምፁ ቀነሰ።

"እስቲ ጠይቃት፣ ሥራ ከሰጡት ወዲህ መመላለሱን ተወ ወይ?" አልኩት።

ጠየቃት። "ቀንሷል ትላለች። ጨርሶ ግን አልተወውም። ቀደም ብሎ ቢጀመርለት ይሻል ነበር።"

ወዲያው ከላይ አንድ ትልቅ በረዶ ወረወሩለት፤ ዓሣው መሐሉ ላይ ይታያል። ድቡ ግንቡን ጥሎ ሮጠ። በመዳፉ እየደበደበ፣ ውሃ ውስጥ እየደፈቀ ሲታገለው ሌላ ፍጥረት ሆነ። እልል ልል ምንም አልቀረኝ። አፌን ያልያዝኩትም ያኔ ነው።

"አየህ!" አልኩት፣ ጮክ ብዬ። "ለድብ እንኳ ሥራ ይፈለግለታል። አንተ ግን እናትህን በረት አስገብተህ በትሪ ታቀርብላታለህ።"

የልጅ ልጄ "ዋት ዲድ ሺ ሴይ?" እያለች እጁን ሳበችው፤ ይህን ግን አልተረጎመላትም።

ቤት ደርሰን መኪናው ቆመ። ልጅቷ ወርዳ ስትገባ እሱ መሪውን እንደያዘ ቀረ። "እኔ በረኪና የበላውን እጅሽን እያየሁ ነው ያደግኩት" አለኝ። "ክረምት ሲሆን እየተሰነጠቀ ይደማ ነበር፤ ተኝቷል ብለሽ ቫዝሊን ስትቀቢው አይሽ ነበር። አንድ ቀን አስቀምጣታለሁ እያልኩ ነው እዚህ የደረስኩት። ዌርሃውስ ዕቃ ስጭን ኦቨርታይም የምገባው ለዚህ ነው። አንቺ ካልተቀመጥሽ እኔ የምሮጠው ለምንድን ነው?"

እሱ ክብር ብሎ ያዘጋጀልኝን እኔ በረት አልኩበት። ሰው መሐል! ያልኩት እውነት ነው፤ እውነትነቱ ግን ምን ይረባል? በለሆሳስ፣ እንደ እናት፣ እቤት ቁጭ ብለን ብነግረው ምን ነበረበት? ከአፍ ከወጣ አፋፍ ነው።

በማግስቱ ሥራ ከመውጣቱ በፊት ሰፌድ የሚያህል ሰሐንና አንድ ፌስታል ምስር አምጥቶ ጭኔ ላይ አኖረልኝ። ዓይኔን አላየኝም። "ቆሻሻ ሳይኖረው አይቀርም፣ እማዬ። ከቻልሽ ልቀሚልን" ብሎኝ ወጣ።

ቀዩን ምስር ዘርግቼ ጀመርኩ። የአሜሪካ ምስር ምን ይለቀምለታል? ተጣርቶ፣ ተበጥሮ የመጣ ነው። እጄን ዝም ብዬ ሳሯሩጥ አንድ ጠጠር አገኘሁ። ቀጥሎ ሌላ። ነጭ፣ ድብልብል፣ ታጥቦ የደረቀ ጠጠር፤ ደጃፉ ላይ አበባው ሥር የሚነጠፈው ዓይነት። ምስር ውስጥ የሚገኘው ድንጋይ ምስሩን የሚመስለው መሆኑን የት ያውቃል፣ ወንድ ልጅ!

ጎህ ሳይቀድ ደጅ ወጥቶ፣ አጎንብሶ ለቅሞ፣ አጥቦ ደብቆልኛል።

ማታ ሲመለስ ጫማውን እንኳ ሳያወልቅ መጣና "እማዬ፣ ቆሻሻ ነበረው?" አለኝ።

"ሞልቶታል፣ ልጄ" አልኩት። "እንኳን ሰጠኸኝ።"