ሦስት እልልታ

ከወንጂ በኩል ነፋስ ሲነሳ የሚቃጠለው ሸንኮራ ሽታ ናዝሬት ድረስ ይመጣል። ጥቁር ብናኙም ገመድ ላይ ያሰጣሁትን ልብስ አይምርም። ዛሬ ጠዋት አንሶላዬ ላይ አረፈ። ሌላ ሴት ብትሆን ትራገም ነበር። እኔ ግን ሽታው ሲመጣ የአሥራ ዘጠኝ ዓመት ልጅ እሆናለሁ።

ያን ጊዜም እንዲህ ሸንኮራው ሲቃጠል ደርግ ወጣቱን ለጦርነት ያፍስ ነበር። ከገበያ፣ ከኳስ ሜዳ፣ ከአውቶብስ ላይ ሳይቀር ያገኙትን ይጭናሉ። እኔ ደግሞ ጋሪ ነጂ እወድ ነበር። የአርሲ ልጅ፣ ሙስሊም፣ ከፈረሱ ጋር በኦሮምኛ፣ ከእኔ ጋር በአማርኛ የሚጫወት ሳቂታ። እናቴ ወሬው ሲደርሳት «ሬሳዬን ተራምደሽ ካልሆነ አትሄጂም» ብላ ነገሩን ዘጋችው። እኔም አፌን ዘግቼ ፍቅሬን ቀጠልኩ።

አፈሳው ሰፈራችን ሲደርስ ጎረቤታችን ጓዳ ደበቅኩት። ጎረቤታችን ባሏ የዘመተባት እርጉዝ ነበረች። «አንዱን ወስደውብኛል፣ ይኼን አይወስዱም» ብላ በሩን የከፈተችልኝ እሷ ናት።

በዚያው ሳምንት፣ አንድ ቀን ከሰዓት በኋላ ምጧ መጣ። የሰፈሩ አዋላጅ እናቴ ነበረች። ውሃ ልታፈላ ጓዳ ስትገባ ከከሰሉ ጆንያ ጀርባ ቁጢጥ ብሎ አገኘችው። እሱን አየችው፣ በሩ ላይ ደርቄ የቀረሁትን እኔንም አየችኝ።

«ምን ያፈጥብኛል? እሳቱን አቀጣጥል እንጂ» አለችው። አቀጣጠለ።

የተወለደው ወንድ ነበር፤ በእጄ ተቀብዬዋለሁ። በእኛ ወግ ለወንድ ሰባት፣ ለሴት ሦስት ጊዜ እልል ይባላል፤ ሰፈሩም የተወለደውን የሚያውቀው በእልልታው ነው። እናቴ ደጃፍ ወጥታ ሦስቴ እልል አለችና ዝም። ደስታ ያሳሳታት መስሎኝ «እማዬ፣ ወንድ ነው እኮ» አልኳት።

«ሴት ናት» አለችኝ በሹክሹክታ። «ወንድ በአርባው ይጠመቃል፣ ሴት በሰማንያው። እስከዚያ አራስ ቤት ወንድ ዝር አይልም። ገባሽ?»

ገባኝ። የአራሷ አልጋ በመጋረጃ ተከለለ፣ እሱም ከመጋረጃው ጀርባ ገባ። ቤቱ ቅቤና ገንፎ ይሸታል። ሕፃኑ ሲያለቅስ ፈረሱን በሚያባብልበት ድምፅ ያባብለው ነበር፤ እኔ ገንፎ አመላላሽ ሆኜ በመጋረጃው ቀዳዳ እጁን እነካ ነበር። የሰፈሩ ሴቶች ሁሉ ሕፃኑ ሲታጠብ አይተውታል። አንዷም አልተነፈሰችም። መንገድ ላይ ሲያገኙኝ ጮክ ብለው «ሕፃኗ እንዴት አደረች?» ይሉኛል።

የአብዮት ጥበቃው አዛዥ በየስብሰባው ሃይማኖት ኋላ ቀርነት ነው እያለ የሚደሰኩር ሰው ነበር። ለፍተሻ አራስ ቤት ደጃፍ ሲደርስ ግን እግሩ አልታዘዝ አለው። አርባው ባለፈ ማግስት ግን ጠርጥሮ ተመልሶ መጣና ክርስትናው ለምን እንደቀረ ጠየቀ። እናቴ ማማሰያዋን እንደያዘች በሩ ላይ ቆመች።

«እልልታውን ሰምተሃል፣ ሴት ናት። ካሰኘህ ግባና አራሷን ገልጠህ እያት። ለእናትህ ግን እኔው እነግራታለሁ።»

ተመለሰ።

ከጥቂት ቀን በኋላ ሕፃኑን አተኮሰው። ሳይጠመቅ ቢሞትስ? ቄስ ቢጠራ ደግሞ ወሬው ሊወጣ ነው። እናቴ እንኳ ያን ቀን ወኔዋ ከዳት፤ ቄሱን ልጥራ ወይ ብላ አራሷን ለመነቻት። አራሷ ልጇን ደረቷ ላይ አጥብቃ «ይቆይ» አለች። እኔ ከዚያ ወዲህ ጀግና ሲባል ሌላ ሰው ትዝ ብሎኝ አያውቅም። እግዚአብሔር ይመስገን፣ ትኩሳቱ ለቀቀው።

በሰማንያኛው ቀን ቄሱ ሕፃኑን ሊያጠምቁ ሲገልጡት እናቴን ቀና ብለው አዩና በወንድ ስም አጠመቁት። ኋላ ስግደት አዘዙባት። «ስግደቱን እሰግዳለሁ አባቴ፣ ጸጸቱን ግን ከየት አመጣለሁ?» አለቻቸው። እኔም እስከ ዛሬ አላመጣሁም።

ሰፈሩ ለክርስትናው ሲጨፍር የደበቅነው ጋሪ ነጂ ሽንኩርት በጫነ መኪና ወደ አሰላ ሊወጣ ነበር። እኔም ልብሴን በነጠላ ቋጥሬ ተነሳሁ። እናቴ በሩን ዘጋችብኝ።

«ለእነሱ አልሰጠሁትም» አለች። «አንቺን ደግሞ ለእሱ አልሰጥም።»

«እንግዲያው ለማንም አትሰጪኝም» አልኳት። ሽማግሌ በመጣ ቁጥር ያችኑ ቃል ደገምኩ፤ ለማንም ሳትሰጠኝ አረጀች።

ደርግ ከወደቀ በኋላ አሰላ ማግባቱን፣ መውለዱንም ሰማሁ። በየዓመቱ ማር ይዞ እናቴን ሊጠይቅ ይመጣ ነበር። እኔ ውሃ አቀርብ፣ ስለ ልጆቹ እጠይቅ፣ ደጅ ድረስ እሸኘው ነበር።

እናቴ ያረፈች ቀን ከሁሉ ቀድሞ ደረሰ። ቃሬዛውን ዛሬ ትልቅ ሰው ከሆነው ከዚያ ሕፃን ጋር ተሸከመ። ቤተ ክርስቲያኑ በር ላይ አንድ የእድር ሽማግሌ ለሟቿ ምኗ እንደሆነ ጠየቁት።

«ልጃቸው ነኝ» አለ። ወደ እኔም ዞሮ «እህቴ ናት» አላቸው።

እስከዚያ ድረስ አላለቀስኩም ነበር።