ሁለቱ የጎበጡ ቅልጥሞች

እኔ ለቅሶ ላይ የምስቅ ሰው ነኝ። ክፋት አይደለም፤ ሲጨንቀኝ ሳቄ ይመጣል፣ ከመጣ ደግሞ የሚመልሰው የለም። አንድ ጊዜ የዕድራችን ዳኛ ሲቀበሩ ነጠላዬን አፌ ውስጥ ጎስጉሼ ትከሻዬ ሲርገፈገፍ ያዩ ሴቶች «አይ አንጀቷ፣ እንዴት ብትወዳቸው ነው» እያሉ አባበሉኝ። እናቴ ግን ታውቀኛለች። የአባቷን ዐፅም ልናስወጣ ከፍኖተ ሰላም የተነሳን ዕለት ገና ሚኒባሱ ሳይንቀሳቀስ ጣቷን ቀስራ፣ «ዛሬ ጥርስሽን ባየው ልጄ አይደለሽም» አለችኝ።

ነገሩ እንዲህ ነው። ከማንኩሳ አለፍ ብሎ ያለው የእናቴ የትውልድ ደብር፣ ቤተ ክርስቲያኑን አፍርሶ አስፍቶ ሊሠራ ነው። አዲሱ መሠረት የሚያርፈው በምሥራቅ በኩል ባለው መቃብር ላይ ስለሆነ፣ ሰበካ ጉባኤው አጥሩ ጥግ ላይ በድንጋይ የዐፅም ቤት አሠራ። ግድግዳው በትናንሽ ክፍሎች የተከፋፈለ ነው፤ ለአንድ ቤተሰብ አንድ ክፍል፣ ከነመዝጊያው። ዘመድ ያለው እየመጣ የሟቹን ዐፅም ያስወጣል፣ ፍትሐት ያስደርጋል፣ ያስገባል። እስከ ረቡዕ ጠያቂ ያልመጣለት ሁሉ በአንድ ጉድጓድ ይገባል ተባለ። እኛ የሄድነው ማክሰኞ ነው።

እናቴ ይህን ከሰማች ወዲህ እንቅልፍ የላትም። ሴት አያቴ ስትሞት ከባሏ ጎን ቦታ ስላልነበረ የተቀበረችው ማዶ፣ ደጀ ሰላሙ አጠገብ ነበር። በመጨረሻዋ ሰዓት የእናቴን እጅ ይዛ የለመነቻት «ከሱ አትለይኝ» ብላ ነው። እናቴም እሺ ብላ ሳትፈጽም ሃያ ዓመት ኖረች። ስለ ሽንኩርት ስናወራ እንኳ ድንገት «ቃሌን በላሁ እኮ» ትላለች። አሁን ሁለቱን በአንድ ክፍል ማኖር የምትችልበት ቀን መጣላት፤ ካመለጣትም አመለጣት።

ሴት አያቴን ማግኘቱ ቀላል ነበር፤ የሲሚንቶ መስቀል አላት። ዐፅሟ በአቡጀዲ ተጠቅልሎ ቀድሞ ገባ። የወንድ አያቴ መቃብር ግን ምልክቱ አንድ ያረጀ ወይራ ብቻ ነው። ከወይራው ሥር ደግሞ ያለው የድንጋይ ክምር ሁለት ነው።

እናቴ ቅንጣት ታህል አልተጨነቀችም። «አባቴ ከበቅሎ ወድቆ ተሰብሮ ነበር» አለቻቸው ለቆፋሪዎቹ። «የግራ ቅልጥሙ እንደ ማጭድ የጎበጠ ነው። እስቲሞት ሲያነክስ ኖረ። እሱን ስታገኙ አባቴን አገኛችሁ ማለት ነው።»

የመጀመሪያው ክምር ተነሳ። ተቆፍሮ ተቆፍሮ አንደኛው ቆፋሪ አፈሩን በእጁ ጠረገና አንድ ቅልጥም ወደ ላይ አነሳ። ጎባጣ ነው። እናቴ እልል አለች። መቃብር ላይ! ወዲያው ደንግጣ ያንኑ እልልታ ሳትጨርሰው ወደ ዋይታ ቀየረችው። ነጠላዬን ነከስኩ። ፍትሐት ሊፈቱ የመጡት ሽማግሌ ቄስ እንዳልሰማ ሆነው ዳዊታቸውን ቀጠሉ።

ጠቅልለን ልናነሳው ስንል ከቡሬ አንድ አዛውንት ደረሱ። የሳቸው አባትና ወንድ አያቴ ድንበርተኞች ነበሩ። ለአንድ ጥማድ የማትሞላ የበርበሬ መሬት ዕድሜያቸውን ሙሉ ሲካሰሱ ኖረው፣ በመጨረሻ ከአንድ ወይራ ሥር ተጋደሙ። ለአባታቸው የተሰጠው ክፍል ከኛው ቀጥሎ ያለው ነው። አዛውንቱ ላባቸውን ጠረጉና፣ «እኔስ አባቴን አላጣውም» አሉ። «የግራ ቅልጥሙ ጎባጣ ነው።»

እናቴ ቀስ ብላ ወደ ጥቅላችን ዞረች። ሁለተኛው መቃብር ተከፈተ። የወጣው የግራ ቅልጥም ጎባጣ ነው። ሁለቱን ጎን ለጎን አደረጓቸው፤ ጉብጠታቸው ልክ ለልክ ነው።

ከቆፋሪዎቹ በዕድሜ የገፉት ዶማቸውን ተደገፉና «ይኸማ የዚያ ወጌሻ እጅ ነው» አሉ።

«የየትኛው ወጌሻ?» አለች እናቴ።

«የደብሩን ስብራት ሁሉ የሚያስር አንድ ሰው ነበር፣ እቴቴ። እግር የሚያስርበት ቀርከሃ ካባቱ የወረሰው ነው። ቀርከሃው ራሱ ጎባጣ! ሌላ ቁረጥ ቢሉት፣ ይኸ ስንቱን ያዳነ ነው እያለ እምቢ ይላል። የኔም ይኸውልዎ።» የሱሪያቸውን እግር ሰበሰቡ። ጎባጣ።

ቄሱ ዳዊታቸውን አጠፉ። ትንሽ አሰቡ። ከዚያ የቀሚሳቸውን ጫፍ ከፍ አደረጉ። ጎባጣ።

ከዚህ በኋላ ነጠላም አልበቃኝ። ወይራውን አቅፌ ሳቅሁ። ለጥምቀት ታቦት ሲያጅብ ደብሩ በሙሉ ወደ ግራ ዘመም እያለ ሲሄድ ታየኝ፤ ማየቱ ሳያንሰኝ ጮክ ብዬ ተናገርኩት። የቡሬው አዛውንት ሳቃቸውን በሳል ሊያመካኙት ሞክረው አቃታቸው፤ ድንጋይ ላይ ተቀመጡ። ቄሱ «ይቅር በለን» ይላሉ፣ ይስቃሉ፣ ደግሞ «ይቅር በለን» ይላሉ። እንዲህ ደስ ያለኝን ቀን አላስታውስም።

እናቴ ብቻ አልሳቀችም። በሁለቱ ጥቅሎች መሀል መሬት ላይ ተቀምጣ አንዴ ይኸን፣ አንዴ ያን ትዳብሳለች። «የቱ ነው?» አለች፣ ማንንም ሳታይ። ያኔ አፈርኩ። ከተሳሳተች እናቷን ከባዕድ ጋር አስተኝታ አባቷን ለብቻው ልትዘጋበት ነው።

አዛውንቱም ነገሩ ገባቸው። ፊታቸውን አበሱና «በዕጣ ይለይ» አሉ።

«አባቴን በዕጣ አልወስድም» አለች እናቴ። ከዚያ ተነሳች። «እርስዎ ከፈቀዱልኝ ሁለቱም ከናቴ ጋር ይግቡ።»

«ሁለቱም? ኧረ እቴቴ፣ እኒህ ሰዎች እኮ ለተዝካር እንኳ አንድ ዳስ ገብተው አያውቁም። እናትዎስ ምን ይላሉ?»

«እናቴ ትለየዋለች። ብርድ በገባ ቁጥር ያን እግር በቅቤ ስታሽ የኖረች እሷ ናት።»

አዛውንቱ ጎንበስ ብለው አንዱን ጥቅል ራሳቸው አነሱላት።

ቄሱ በሁለቱም ስም ፈቱ። እናቴ አንዱን ከሴት አያቴ በስተቀኝ፣ ሌላውን በስተግራ አስገባች። መዝጊያውን ይዛ ወደ ውስጥ ጎንበስ አለች።

«ይኸው እማዬ፣ አመጣሁልሽ» አለች። «ከሁለቱ አንዱ ነው።»